የአሮጌ መኪና ወንበር ራሳችሁ ልትሰፉ ነው? የማሽን ምርጫ ንጽጽር

ቮልስ፣ ላዳ ወይም አሮጌ ፔጆ ያለው ሰው ሞተሩን አስጠግኖ፣ ቀለሙን አስቀብቶ ሲጨርስ ዓይኑ ወንበሩ ላይ ያርፋል። ስፌቱ ተተርትሯል። ስፖንጁ ዱቄት ሆኗል። ከሥር የወጣው ሽቦ ሱሪ ይይዛል። ሰፊ ጋ ሲወስደው ደግሞ የሚቀርብለት ሚኒባስ ላይ የሚያየው ዓይነት የወንበር ልብስ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው መልክ አይመለስም። ያኔ ነው "ራሴ ብሰፋውስ?" የሚባለው።

ሐሳቡ ቅዠት አይደለም። የእነዚህ መኪኖች ወንበር ቀላል ነው። የብረት ክፈፍ አለ፣ ጥቅል ሽቦ አለ፣ በላዩ ንጣፍ፣ ከዚያ ልብሱ። ኤርባግ የለ፣ ማሞቂያ የለ፣ ሴንሰር የለ። (በጎኑ ኤርባግ ያለው የዘመኑ ወንበር ላይ ግን ልምምድ አይደረግም። እዚያ ኤርባጉ የሚወጣው ስፌቱን ቀድዶ ስለሆነ የክሩ ዓይነት ሳይቀር የታሰበበት ነው።)

ግራ የሚያጋባው ማሽኑ ነው። አንዱ "የእናትህ ሲንጀር ይበቃሃል" ይላል። ሌላው ዋጋው የመኪናውን ግማሽ የሚያህል ማሽን ካልገዛህ አትጀምር ይላል። ሻጩ ደግሞ የትኛውንም ማሽን ብታሳዩት መልሱ አንድ ነው፦ "ይሄ? ድንጋይ ይሰፋል!"

ይህ ንጽጽር ለገጣፎም ሁኑ ሰበታ፣ ሱሉልታም ሁኑ ገላን፣ ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ ላላችሁና ከዜሮ ለምትጀምሩ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የወንበሩን መልክ ከማሽኑ ይልቅ የሚወስነው ቅዱ፣ ማለትም ልብሱ የሚቆረጥበት ልክ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ ላይ ውድ ማሽን አያስፈልገውም። የማይሆን ማሽን ግን ጥሩ ቅድ ያበላሻል። ለዚህ ነው መለኪያውን ማወቅ የሚያስፈልገው።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው ውፍረት ነው። ሁለት ቁራጭ ሲገጣጠም ሁለት ድርብ ይሆናል። በመሃሉ ፓይፒንግ ከገባ፣ ማለትም ሲባጎ የተጠቀለለበት የጠርዝ መስመር ካለ፣ አራት ድርብ ነው። ለመኪና የሚሆን ሰው ሰራሽ ሌዘር አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ውፍረት አለው። ጥግ ላይ ሁለት ስፌት ሲሻገር ስምንት ድርብ ይደርሳል። ይህ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የቤት ማሽን እግር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጠቡ የሚጀምረው እዚያች ጥግ ላይ ነው።

ሁለተኛው ማሽኑ ልብሱን የሚስብበት መንገድ ነው። ተራ ማሽን የሚስበው ከታች ባለው ጥርስ ብቻ ነው። የላይኛው ድርብ በእግሩ ተጭኖ ተከትሎ ይሄዳል። ጥጥ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ሰው ሰራሽ ሌዘር ግን እግሩ ላይ ይጣበቃል፤ የታችኛው ይሄዳል፣ የላይኛው ይቀራል። ስትጀምሩ እኩል የነበሩት ሁለት ቁራጮች ጫፍ ስትደርሱ ጣት ያህል ይበላለጣሉ። ሰውየው "ቅዴ ተሳሳተ" ብሎ እንደገና ይቆርጣል። ቅዱ ምንም አልሆነም።

ሦስተኛው በዝግታ መሄድ መቻል ነው። የወንበር ልብስ ላይ በስህተት የተበሳ ቀዳዳ አይደፈንም። ጨርቅ ሲተረተር ቀዳዳው ይገጥማል፤ ሌዘር ግን ምልክቱን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ኩርባ ላይ አንድ ስፌት፣ ቆም፣ አንድ ስፌት፣ ቆም ማለት የሚችል ማሽን ያስፈልጋል።

አራተኛው የክር ውፍረትና የስፌት ርዝመት ነው። ለወንበር ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ስፌት ተስማሚ ነው። ጀማሪ "ጠበቅ ያለ ይሁን" ብሎ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ሲያደርገው ሌዘሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳል፤ ሰው ሲቀመጥበትም በዚያው መስመር ይቀደዳል። ክሩ ቢያንስ ቴክስ 70 (ቴክስ የክር ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል)፣ ሲቻል ቴክስ 90 ቢሆን ጥሩ ነው። ከላይ ለሚታይ ጌጥ ስፌት ቴክስ 135 ያምራል፤ ግን 22 ቁጥር መርፌ ይጠይቃል፤ 22 ቁጥር ደግሞ ሁሉም ማሽን ላይ አይሠራም።

የቀሩት ሦስቱ የእኛው ሰፈር ጉዳዮች ናቸው፦ መብራት፣ ጠጋኝና ዋጋ። ከከተማው ዳር ስትሆኑ መብራቱ ከሄደ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ማሽኑ ሲበላሽ ሰፈር ውስጥ የሚነካው ሰው አለ ወይስ መርካቶ ድረስ መጫን አለበት? ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያረጃል። በደረጃ ግን ሠንጠረዡ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚደረግ ሙከራ

ማሽን ልታዩ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከተቀደደው ወንበር የቆረጣችሁትን ቁራጭና ልትሰፉበት ያሰባችሁትን ክር ያዙ። ሻጩ የሚያሳያችሁ በራሱ ስስ ጨርቅ፣ በራሱ ክር፣ በሙሉ ፍጥነት ነው። በዚያ ሁኔታ የማይሰፋ ማሽን የለም።

እናንተ ቁራጩን አራት ድርብ እጠፉት። እግሩ ሥር አስገቡት። ሞተሩን ተዉትና መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩ። መርፌው ሲወርድ መዘውሩ እጃችሁን ከታገለ፣ ወይም መርፌው ጎንበስ ብሎ የብረቱን ቀዳዳ ጠርዝ ከነካ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ካለፈ አሥር ስፌት ያህል በእጅ ሂዱና ገልብጡት። ከታች ክሩ ልል ቀለበት ከሠራ፣ ወይም ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ የክር ማጥበቂያ ጉዳይ ነው፤ ይስተካከላል። የተዘለለ ስፌት ካያችሁ መርፌውን በአዲስ አስቀይራችሁ ድገሙት። አሁንም ከዘለለ መርፌውና መንጠቆው የሚገናኙበት ጊዜ ተዛብቷል ማለት ነው። የሚስተካከል ነገር ነው፣ ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

አንድ፦ በእግር የሚረገጠው ሲንጀርና ቢጤዎቹ

ብዙ ቤት አለ። ብዙ ቦታም ጨርቅ ተደርቦበት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኗል። ንቀን እንዳናልፈው። የድሮው ብረት ለበስ ማሽን አራት ድርብ ሰው ሰራሽ ሌዘር ያልፋል፤ በተለይ መዘውሩን በእጅ ካገዛችሁት። ፍጥነቱ በእግራችሁ ስለሆነ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። መብራት ቢሄድም ሥራው አይቆምም። ጠጋኙ ደግሞ በየሰፈሩ አለ።

ድክመቱ ሁለት ነው። የሚስበው ከታች ብቻ ነው፤ ክሩም ከቴክስ 70 ብዙ አያልፍም። 18 ቁጥር መርፌ ላይ ሲደርስ አቅሙ እዚያ ነው። ለመጀመሪያው ችግር መላ አለው። ከእግሩ ሥር ስስ ወረቀት አድርጋችሁ አብራችሁ ስፉት፣ ሲያልቅ ወረቀቱን ቀድዳችሁ አውጡት። ወይም እንደማይጣበቅ ምጣድ ቴፍሎን የሆነ የፕላስቲክ እግር ግዙለት። ሁለቱን ቁራጭ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በልብስ መስቀያ መቆንጠጫ ያዟቸው። ስፒል ግን አይሆንም፤ እሱም ይበሳል።

ስምንት ድርቡን ጥግ አያልፈውም። እዚያ ላይ ሰፊዎች የሚያደርጉት ነገር አለ፦ ከጥጉ ትንሽ ቀደም ብለው የፓይፒንጉን ሲባጎ ከውስጥ መዝዘው ይቆርጡታል፣ የትርፍ ጨርቁንም ድርብ ደረጃ በደረጃ ያሳሱታል። የቀረው በእጅ መርፌ ይጨረሳል። አይታይም።

ዚግዛግና ጌጥ የሚሠራው ዘመናዊው የፕላስቲክ የቤት ማሽን ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለው ጥርስ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ለመጋረጃ ተዉት።

ሁለት፦ የልብስ ሰፊ ኢንዱስትሪያል

የልብስ ፋብሪካና የሰፈር ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ባለ ጠረጴዛው ማሽን ነው። ብዙ ስላለ ያገለገለ ማግኘት ቀላል ነው፣ መለዋወጫውም መርካቶ ይገኛል። ብዙ ሰው የመኪና ወንበርም በዚህ ይሰፋል፤ መንገድ ዳር የምታዩዋቸው ብዙዎቹ የወንበር ልብሶች የዚህ ማሽን ውጤት ናቸው።

ይሁንና የተሠራው ለሸሚዝና ለሱሪ ነው። በደቂቃ እስከ 5,000 ስፌት ይበርራል። ጀማሪ በዚህ ፍጥነት ኩርባ ሊሰፋ ሲሞክር የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። የስፌት ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል፤ ለወፍራም ጨርቅ የተሠራው ዓይነት 5 ይደርሳል። ምርጫ ካላችሁ ያኛውን ፈልጉ። የሚስበው እዚህም ከታች ብቻ ስለሆነ የመንሸራተቱ ችግር እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ከማሽኑ ጭንቅላት ይልቅ ሞተሩን እዩ። ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው ክላች ሞተር ማብሪያውን ከተጫናችሁበት ጊዜ ጀምሮ ብትሰፉም ባትሰፉም ይዞራል፣ ያጓራል፣ መብራት ይበላል። መርገጫውን ትንሽ ስትነኩት ይፈተለካል። ሰርቮ ሞተር ደግሞ የሚዞረው ስትረግጡ ብቻ ነው፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በቁልፍ ይገደባል። ለጀማሪ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጭንቅላቱ ደህና ሆኖ ሞተሩ ክላች ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱና ሰርቮ ግዙለት። በጄኔሬተር ወይም በኢንቨርተር ለምትሠሩም ሰርቮው ይሻላል፤ ክላቹ ሲነሳ የሚስበው ኃይል ትንሽ ኢንቨርተርን ይጥለዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ማሽን ዘይት ውስጥ የተቀመጠ ነው። ለመኪና ወንበር ክሬም ወይም ነጭ ሌዘር ከመረጣችሁ መጀመሪያ ብጫቂ ላይ ለደቂቃዎች ስፉና ዘይቱን ይትፋ።

ሦስት፦ ዎኪንግ ፉት

የሶፋ፣ የቦርሳና የመኪና ወንበር ማሽን የሚባለው ይህ ነው። ባለ ሙሉ ስበቱ ሦስት ነገር አብሮ ያስኬዳል፦ የታችኛውን ጥርስ፣ መርፌውን ራሱንና የውስጠኛውን እግር። መርፌው ልብሱ ውስጥ እንዳለ ወደ ኋላ ይራመዳል። ውጪኛው እግር በተራው ይነሳል፣ ይጫናል። ድርቦቹ የሚበላለጡበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው።

ሁሉም ዎኪንግ ፉት የሚባል ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ እግሩ ብቻ ይራመዳል፣ መርፌው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። መለየት ቀላል ነው፦ መዘውሩን በእጅ አዙሩና መርፌው ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዝ እንደሆነ እዩ። ጁኪ 1541፣ ኮንሰው 206፣ ፋፍ 545 ሙሉ ስበት ያላቸው ሞዴሎች ናቸው። ስማቸውን የጻፍኩት ገበያ ላይ ብታዩአቸው እንድታውቋቸው ነው፤ የቻይናዎቹም በተመሳሳይ አሠራር የተሠሩ አሉ። ለመጠን ያህል፣ ጁኪ 1541 እግሩ በጉልበት መግፊያው እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይነሳል፣ ስፌቱ እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ያ ያስቸገረው ጥግ እዚህ ላይ ጥግ መሆኑም ይረሳል።

መርፌው የተለየ ነው። 135×17 የሚባለው ክብ ጫፍ ነው፤ ለጨርቅና ለሰው ሰራሽ ሌዘር። 135×16 የሚባለው ጫፉ ምላጭ ነው፤ ለቆዳ። ሰው ሰራሽ ሌዘርን በምላጩ ከሰፋችሁት ትንንሽ ስንጥቅ እየሠራ ይሄዳልና መለያየት አለባችሁ። ፓይፒንግ የሚሰፋበት ከሥሩ ቦይ ያለው እግርም አብሮ ካለ ጠይቁ፤ ለብቻው ሲገዛ ያስወጣል።

ችግሩ ዋጋው ነው፤ ከዚያም ክብደቱ። ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሳም። ባጃጅ አይሞከርም፤ ፒካፕ ያስፈልጋል። ሲዛባም የሚያስተካክለው ሰው ጥቂት ነው። የሰፈር ሲንጀር ጠጋኝ ደፍሮ ቢከፍተው ማስፈራት አለበት።

አራት፦ የጫማ ሰፊው ማሽን

በእጅ የሚዞረው፣ ቀጭን ረጅም ክንድ ያለው ማሽን። ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ እግሩ ዙሪያውን ስለሚዞር በየትኛውም አቅጣጫ ይሰፋል። ቆዳ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ይጎመጅበታል። ግን የታችኛው ክር ማጠራቀሚያው ትንሽ ነው፣ ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ላይ ስፌቱ ይዋዥቃል፣ የእግሩ ጥርስም ልብሱ ላይ ይነክሳል። ወንበሩን ከክፈፉ ሳታወልቁ አንድ የተተረተረ ቦታ ለመጠገን ጥሩ ነው። ሙሉ ወንበር ለመስፋት አይደለም።

አምስት፦ ማሽን አለመግዛት

ይህን አማራጭ ሻጮች አይነግሯችሁም። ቅዱን ራሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ልብሱን ራሳችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ምልክት ታደርጉበታላችሁ፣ ከዚያ የሶፋ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ የማሽኑን ሥራ ብቻ ታሰፋላችሁ። ስትመለሱ ክፈፉ ላይ የምትወጥሩትም እናንተ ናችሁ። ሰፊው የሚከፈለው ለጥቂት ሰዓት ስፌት ስለሆነ ዋጋው ይወርዳል። እሱ በግምት ስለማይቆርጥም የወንበሩ መልክ በእናንተ እጅ ይቆያል።

ከሥራው ብዛት አንጻር ካየነው ማሽኑ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከጠቅላላው ትንሹ ነው። ማውለቅ፣ መተርተር፣ ቅድ ማውጣት፣ ስፖንጅ መቅረጽና መወጠር ነው ቀኑን የሚበላው። ሰፊው ፈቃደኛ ከሆነ አጠገቡ ቁሙ። "ጋሼ፣ እዚች ጋ ለምን ቆረጡት?" ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ቪዲዮ በላይ ያስተምራል።

| አማራጭ | ውፍረት | ድርቦችን እኩል መሳብ | በዝግታ መሄድ | መብራት | ጠጋኝ | የዋጋ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የእግር ሲንጀር | 4 ድርብ፣ ጥግ ላይ ይቸገራል | ደካማ፣ በዘዴ ይታገዛል | በጣም ጥሩ | አይፈልግም | በየሰፈሩ | ዝቅተኛ |
| የልብስ ኢንዱስትሪያል | 4 ድርብ፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ | ደካማ | በሰርቮ ጥሩ፣ በክላች መጥፎ | ይፈልጋል | ቀላል | መካከለኛ |
| ዎኪንግ ፉት | 8 ድርብና ከዚያ በላይ | በጣም ጥሩ | በሰርቮ በጣም ጥሩ | ይፈልጋል | ጥቂት | ከፍተኛ |
| የጫማ ሰፊ ማሽን | ጥሩ | መካከለኛ፣ ስፌቱ ይዋዥቃል | በጣም ጥሩ | አይፈልግም | ቀላል | ዝቅተኛ |
| ቆርጦ ማሰፋት | እንደ ሰፊው ማሽን | እንደ ሰፊው ማሽን | የሰፊው ጉዳይ | የሰፊው ጉዳይ | አይመለከታችሁም | በየሥራው ክፍያ |

እንግዲህ የትኛው ለማን?

አንድ መኪና ብቻ ካላችሁና ሙያውን የመቀጠል ሐሳብ ከሌላችሁ፣ አምስተኛው። አትከራከሩ። ቤት ውስጥ ሲንጀር ካለ ግን የጎን መሸፈኛውንና የራስ መደገፊያውን በእሱ ሞክሩና ከባዱን ለሰፊው ስጡ።

በትርፍ ሰዓት ለመማር ለምትፈልጉና ገንዘቡ አጠር ላለባችሁ የእግሩ ሲንጀር። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁም እንዲሁ። ትንሽ ከፍ ማለት ከቻላችሁ የልብስ ኢንዱስትሪያሉ ከሰርቮ ጋር መሃከለኛ መንገድ ነው፤ ስትሰለቹ ለልብስ ሰፊ ትሸጡታላችሁ፣ ገዢ አያጣም።

ዎኪንግ ፉት የሚገባው ሥራ ላላችሁ ነው። ክላሲክ መኪና ብቻውን ማሽኑን አይመግብም፤ በወር ስንት ቮልስ ይመጣል? በዳር ሰፈሮች ማሽኑን የሚመግበው ባጃጅ ነው። ወንበሩ፣ የዝናብ መከለያው፣ የጣሪያ ሸራው ዓመቱን ሙሉ ይቀደዳል። ሶፋውም አለ። እነዚህን ለመያዝ ካሰባችሁ ግዙ፣ ቮልሱን በመሃል ትሠሩታላችሁ። የባጃጅ የኋላ መቀመጫ ደግሞ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ስለሆነ ከልምምድም ልምምድ ነው።

ቅዱ

ማሽኑን ከመረጣችሁ በኋላ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። የድሮውን ልብስ ስታወልቁ አትቅደዱት፣ ቆሻሻ ቢሆንም። ክፈፉ ላይ የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ፍቱ፤ ቮልስ ላይ ክፈፉ ራሱ ልብሱን የሚነክስ የብረት ጥርስ አለው፣ በካቻቢቴ ቀና ቀና አድርጉት። ፎቶ አንሱ።

ከመተርተራችሁ በፊት ስፌቱን አቋርጦ የሚያልፍ አጭር መስመር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አስምሩ። ስትተረትሩት መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ በአንዱ ቁራጭ ግማሹ በሌላው ላይ ይቀራል። ስትሰፉ ሁለቱ ግማሾች መገናኘት አለባቸው። ማሽናችሁ እያንሸራተተ እንደሆነ የሚነግራችሁም ይኸው ምልክት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥርና ወደፊት የሚያመለክት ቀስት ጻፉበት። ከዚያ ካርቶን ላይ ገልብጡት። ዙሪያውን 12 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው።

አሮጌው ልብስ ለዓመታት ሲቀመጡበት ስለተለጠጠ እንዳለ አይቀዳም። ግራና ቀኙ መመሳሰል ካለበት ያልተጎዳውን ወገን ብቻ ቅዱና ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፤ ሾፌሩ የሚወጣና የሚገባበት ጎን ሁልጊዜ የተበላ ነው።

መቀመጫው ላይ ያሉት ቁልቁል መስመሮች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ብዙ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪኖች ላይ የተሰፉ ይመስላሉ እንጂ በፋብሪካ በሙቀት የታተሙ ናቸው። ቤት ውስጥ ያንን ማተም አይቻልም። በስፌት ስትተኩት ልብሱን ከስስ ስፖንጅ ጋር አድርጋችሁ መስመሩን ትሰፋላችሁ። እያንዳንዱ መስመር ትንሽ ትንሽ ወርድ ይበላል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቁራጭ ላይ መጀመሪያ መስመሮቹን ስፉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅዱን አስቀምጣችሁ የምትቆርጡት። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ ወንበሩ ላይ አይደርስም።

ልብሱና ክሩ፣ ባጭሩ

ለመጀመሪያው ወንበር ሰው ሰራሽ ሌዘር ግዙ። ቮልስና ላዳ ከፋብሪካም ብዙውን ጊዜ በዚያው ነበር የሚለብሱት፣ ስለዚህ ለመኪናውም እውነተኛው መልክ እሱ ነው። ከጀርባው እንደ ሹራብ የተሠራ ጨርቅ ያለውን ምረጡ፤ በሁለት እጅ ስባችሁ ትንሽ ተለጥጦ የሚመለሰውን። ቆዳ ከፈለጋችሁ ከ1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የከብት ቆዳ ነው የሚያስፈልገው። የእኛ የበግ ሌጦ በዓለም የታወቀው ለጓንት ነው፣ ለወንበር ስስ ነው። ቆዳ በስኩዌር ፊት ይሸጣል፤ ቅርጹ ስለማይመች፣ የመዥገርና የጅራፍ ጠባሳም ስለሚኖርበት ሩቡ ይባክናል ብላችሁ ግዙ።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ናይሎን ጠንካራ ነው፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ያደክመዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ክር የሚያደክመው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ይሄዳል፣ መኪናችን ደግሞ ግቢ ውስጥ ያለ ጣሪያ ነው የሚውለው። የጥጥ ክር በጭራሽ።

ስትወጥሩ ልብሱን ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ይለሰልሳል። ስፖንጁን በስስ ፌስታል ሸፍኑት፣ ልብሱ ተንሸራትቶ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሌዘሩ በብርዱ እንደ ጣውላ ስለሚገተር መወጠሩን ለመስከረም ብታቆዩት ይሻላል። ማስቲሽ ስትጠቀሙ በር ክፈቱ።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ ከኋላ ወንበር ጀምሩ። ጠፍጣፋ ነው፣ ሰው ብዙ አያየውም፣ ኩርባው ጥቂት ነው። ከዚያ የፊት ተሳፋሪው፣ መጨረሻ ላይ የሾፌሩ። ቮልስ ከሆነ ግን የኋላውን ወንበር መልሳችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ሥሩን እዩ። ባትሪው እዚያ ነው፣ በቀኝ በኩል። የባትሪው መሸፈኛ ከሌለ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፤ የድሮው የኮኮናት ጭረት ንጣፍ ደግሞ በቀላሉ እሳት ይይዛል። መሸፈኛው ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ በደንብ እሰሩበት፣ ከዚያ ወንበሩን አስገቡ።